ጢም ያለው መልአክ

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ ከረባት ያሰረ ጭምት ሰው ቅንድብ ላይ አንዲት ወርቃማ ነገር ብልጭ ስትል ካያችሁ ክፉ አትጠርጥሩ። ሰውየው ሲጨፍር አላደረም። ቤቱ ልጅ አለ፣ ሌላ አይደለም።

ልጁ ነሐሴን ሳሎኑ ውስጥ የእንቁጣጣሽ ካርድ ሲያመርት ከርሟል። ምንጣፉ ላይ ወረቀት፣ ወንበሩ ላይ ኮላ፣ በቀረው ነገር ሁሉ ላይ ብልጭልጭ። እንቁጣጣሽ መጥቶ ሄደ። ካርዱ ታደለ፣ ገንዘቡም ብስኩትና ኳስ ሆኖ አለቀ። ብልጭልጩ ግን የትም አልሄደም። ምንጣፍ ይራገፋል፣ ቤት ይወለወላል፣ አንሶላ ይታጠባል፤ እሱ እዚያው ነው። ለመስቀል ነጠላ ላይ ይገኛል። ለገና ዶሮው ሲገነጣጠል አንዷ ፈረሰኛው ላይ ተለጥፋ ትታያለች። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ብሎ የተረተው ሰው ብልጭልጭ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ነገርየዋን በንዴት ጠጋ ብዬ አጥንቻታለሁ። ዱቄት ትመስላለች እንጂ ዱቄት አይደለችም። ስስ ፕላስቲክ በአሉሚኒየም ይለበጥና ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ማሽን ይከትፈዋል። በማጉያ መነጽር ሲያዩዋት አብዛኛውን ጊዜ ባለ ስድስት ጎን ናት። ስድስት ጎን የተመረጠው ለውበት እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ክፍተት ሳይተው ስለሚገጥም ሲቆረጥ የሚባክን ነገር የለም። እንግዲህ ይህን ያህል ተቆጥቦ የተሠራ ነገር ነው የሰው ቤት ገብቶ እንደ ልቡ የሚበተነው። የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1934 ኒው ጀርሲ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሄንሪ ሩሽማን የሚባል የማሽን ባለሙያ ነው ይባላል። ሰውየው ቤቱን ራሱ እንደማይጠርግ ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ቀላልና ስስ ስለሆነች፣ ደረቅ ጨርቅ ሲፋተግ በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ እየተሳበች ከሰው ወደ ሰው ትሻገራለች። በዚህ ጠባይዋ በውጭ አገር የወንጀል መርማሪዎች ይወዷታል፤ ተጠርጣሪው ልብስ ላይ የተገኘች አንዲት ቅንጣት ምስክር ሆና ትቆማለች። በእኛ አገር ይህን ምርመራ የሚያካሂዱት ሚስቶች ናቸው።

«ይሄ አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የልጅሽ እንቁጣጣሽ ነው።»

መልሱ እውነት ነው፤ የሚያገለግለው ግን እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። ኅዳር ከገባ ሌላ መልስ መፈለግ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለእጅ ሥራ የሚሆነው ልቅ የፕላስቲክ ብልጭልጭ ገበያ እንዳይወጣ አግዷል። ምክንያቱ ደቃቅ ፕላስቲክ ውሃውንና አፈሩን ይበክላል የሚል ነው። ለዓሣ ማዘናቸው ያስመሰግናቸዋል። እኔ ግን ሕጉ ከመረቀቁ በፊት አንዱ ባለሥልጣን ቤት ምርመራ ሳይካሄድ እንዳልቀረ እገምታለሁ።

ይህን ሁሉ ሳወራ አጠገቤ ያለ እኩያዬ ጣልቃ መግባቱ አይቀርም። «ይሄ የዛሬ ልጆች ነገር! በእኛ ጊዜ እኮ በእጃችን ነበር የምንስለው!»

እስቲ ይህቺን «በእጃችን» የምትባል ነገር እንመርምራት።

በዚያ ደገኛ ዘመን ወረቀቱ የሚገኘው ካለፈው ዓመት ደብተር መሀል ነው። ሽቦዋ በጥንቃቄ ትቃናና ድርቡ ወረቀት ይወጣል። የተረፈው የሒሳብ ደብተር ከሆነ ካሬ ካሬው አብሮ ይመጣል፤ ካርዱ ላይ የሚሳለው መልአክ ከፍርግርግ ጀርባ ሆኖ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። ቀዩ ከጽጌረዳ፣ አረንጓዴው ከጎመን ቅጠል ይታሻል። ብር የመሰለው የሰይፉ ስለት ደግሞ የአንዱ አባት ሲጋራ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው። አባትየው ፓኮውን ሳይጨርስ ወረቀቱ ስለሚጠፋ በየቤቱ ጳጉሜ ላይ አንድ ጠብ ነበረ።

ስዕሉስ? ስዕሉማ የሚገለበጥ ነው። እናት ራስጌ የሰቀሉት የቅዱስ ሚካኤል ምስል ይወርዳል። ንጹሑ ወረቀት በጥጥ ዘይት ይቀባል፤ ዘይት የጠጣ ወረቀት ከሥሩ ያለውን ያሳያል፤ ከዚያ በእርሳስ መከተል ነው። ዘይት የምትቆጥር እናት ያለችበት ቤት ልጆች መስኮት ላይ ይለጥፋሉ። መስኮቱ ብርሃን ይፈልጋል፣ ነሐሴ ደግሞ ብርሃን የላትም። ስለዚህ ልጁ ወረቀቱን መስታወት ላይ ተጭኖ ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃል። ደመናው ሲገለጥ ክንፉን ይስላል፣ ሲመለስ እጁን ሳያነሳ ይጠብቃል፣ እንደገና ሲገለጥ ሰይፉን ይስላል። አንድ መልአክ በሦስት ብራ ያልቃል።

ይህም ቢሆን ሁሉም አይችለውም። በሰፈሩ መሳል የሚችለው አንድ ልጅ ነው። እሱ መስመሩን ያወጣል፣ የቀረነው እንቀባለን፣ ገቢውን እንካፈላለን። ከታች የሚጻፈው ስም ግን የየራሳችን ነው። «በእጃችን» ማለት እንግዲህ በእሱ እጅ ማለት ነው። ስመ ጥር ሠዓሊዎቻችን ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ የመጀመሪያ ገንዘባቸውን ያገኙት በእንቁጣጣሽ ስዕል እንደሆነ የሚናገሩ ጥቂት አይደሉም። ቀቢዎቹስ የት ደረሱ ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ እስካሁን አልሰማሁም።

ሴቶቹ ልጆች በዚህ ረገድ ንጹሐን ነበሩ። አበባየሆሽ የሚዘፈነው በጉሮሮ ነው፤ ጉሮሮ ዘይት ተቀብቶ አይገለበጥም።

የዛሬውን ልጅ ያወቅሁት በጎረቤቴ በኩል ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ልጁ ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ዕድሜው ወደ አሥር ይጠጋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ በምላጭ አንድ ጥቁር ነገር ሲቆርጥ አገኘሁት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የአያቴ ደረት ነው ጋሼ።»

ለካ የአያቱ የራጅ ፊልም ነው። ለስቴንስል የሚቆረጥ ካርቶን ቀለም ሲጠጣ ይላላል፤ የራጅ ፊልም ግን አይላላም፣ ታጥቦ ደግሞ ይሠራል። አያትየው ድነው ስለተነሡ ፊልሙ ለልጅ ልጃቸው ወርዷል። እሱም የጎድን አጥንታቸው መሀል ላይ «መልካም አዲስ ዓመት» እየቆረጠ ነው።

ስቴንስል ቀላል ሥራ ይመስላል። ፊደሉን ትቆርጣለህ፣ ቀዳዳው ላይ ቀለም ትመታለህ፣ ፊልሙን ስታነሣ ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እንግዲህ «መ»ን ቁረጡና እዩ። «መ» ሁለት ዓይኖች አሏት። ዙሪያዋን ስትቆርጡ ሁለቱም ዓይኖች ተፈንቅለው መሬት ይወድቃሉ፤ የሚቀረው የአተር ክክ የሚያክል ቀዳዳ ነው። «ም»ም ያው ናት። «ዓ» ባለ አንድ ዓይን ናት፤ እሷም ትወድቃለች። የልጁ የመጀመሪያ ስቴንስል ላይ «መልካም አዲስ ዓመት» ሙሉ በሙሉ ታውሮ ነበር፤ የወደቁት ዓይኖች ደረጃው ላይ ተበትነዋል።

መፍትሔውን ያመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። እያንዳንዱን ዓይን ከፊደሉ ገላ ጋር የሚያያዝ ቀጭን ድልድይ ሳይቆርጥ እንዲተው አሳየችው። ድልድዩ ሲታተም ፊደሉ ላይ ነጭ ስንጥቅ ሆኖ ይታያል፤ ቢሆንም ዓይኑ ይተርፋል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህቺን ድልድይ ያውቃታል፤ ሁሉንም ቆርጠህ ካጠራህ የሚቀርህ ቀዳዳ ነው።

«ዓመተ ምሕረቱንስ አትጽፍም? ዘመነ ማርቆስ ምናምን?» አልኩት።

አየኝና አዘነልኝ። «ወንጌላዊ ከተጻፈበት የተረፈው ለከርሞ አይሆንም እኮ ጋሼ!»

ነጋዴ ነው። ልጁን ሠዓሊ ነው ብዬ ማድነቄን እዚያው አቆምኩ፤ ሌላ አድናቆት ጀመርኩ።

ከጽሑፉ ቀጥሎ መልአኩ ተቆረጠ፤ ክንፍ፣ ፊት፣ ቀሚስ፣ ሰይፍ። ከአሮጌ ፍራሽ የተቀደደች ስፖንጅ ቀለም ውስጥ ትነከርና ቀዳዳው ላይ መታ መታ ትደረጋለች። እዚህ ላይ ጥበቡ ስፖንጇን ማድረቅ ነው። ስፖንጇ ላይ ቀለም ከበዛ ከፊልሙ ሥር ሾልኮ ይገባል። ልጁ ችኩል ነው፣ ቀለሙም ውሃ የበዛበት ነው፤ በመልአኩ አገጭ ሥር ሰረገና ጥቁር ሆኖ ወረደ። ፊልሙ ሲነሣ መልአኩ ጢም አውጥቷል።

በእጅ የሳለ ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል። በስቴንስል የሚሠራ ግን ስሕተቱንም ያባዛል፤ አገጩ ሥር ያለው ፊልም ትንሽ ብድግ ብሎ ስለነበር መላእክቱ ሁሉ ጢማም ሆነው ወጡ። ወረቀት ተወዷል፤ ወረቀት የምታስጥል እናት በዚህ ዘመን የለችም። ምን ይደረግ? ኮላ ጢሙ ላይ ተቀባ፣ ወርቃማ ብልጭልጭ ተነሰነሰበት። አሁን ጢሙ የወርቅ ሆነ። ድሮ አንድ ሰው አልፎ ሲሄድ ላያየው የሚችለው ጢም፣ አሁን ከታችኛው ፎቅ ይታያል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ የራስ ወርቅም እንዲህ ሊያጋልጥ ይችላል።

መስከረም 1 ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። የዋዜማው ችቦ ጢስ ከደረጃው አልወጣም። ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩ እማማ ቀድመው ከፍተው ኖሮ ክርክሩን የሰማሁት በበሬ ቀዳዳ ነው።

«እንኳን አደረሰዎ እማማ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ። ይሄ ማነው?»

«ገብርኤል ነው።»

«ጢም አለው እንዴ?»

ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ልጁ፣ «ዘንድሮ አወጣ» አላቸው።

እማማ ካርዱን ራቅ አድርገው አዩት፣ አቅርበው አዩት። «ይደግለት» አሉና መቀነታቸውን ፈቱ።

ስለዚህ ገበያ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ በዓለም ላይ ሌላ እንዲህ ያለ ገበያ አለ ብዬ አላምንምና። ነጋዴው ዋጋ አይጠራም። ዕቃውን መጀመሪያ ያስረክባል፣ ያውም በሁለት እጁ። ገዢው አልፈልግም ማለት አይችልም፤ የበዓል ጠዋት የመጣ ልጅ ይመለሳል እንዴ? ከዚያ ልጁ ዝም ብሎ ይቆማል። ምንም አይልም። ዓይኑን ጫማው ላይ ያደርጋል። በዚህች ዝምታ ውስጥ ዋጋው ይወሰናል፤ የሚወስነውም የካርዱ ውበት ሳይሆን የገዢው ይሉኝታ ነው።

ድሮ ስሙኒ የሰጠ ደህና ሰው ነው፣ ሽልንግ የሰጠ ሀብታም ነው፣ ዳቦ ቆርሶ የሰጠ ደግሞ ለከርሞ የሚዘለል ነው። ከየትኛው በር መጀመር እንዳለበት የሚያውቅ ልጅ ስዕሉ የፈለገውን ያህል ቢወላገድ ይሸጣል። ቀድሞ መድረስም ዋና ነገር ነው። ዘግይቶ የመጣ ልጅ የሚሰማው ቃል ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው፦ «ዝርዝሩን የቀደሟችሁ ወሰዱት።» በ2013 ዓ.ም. መንግሥት አዲሶቹን የብር ኖቶች ይፋ ያደረገው መስከረም 4 ቀን ነበር። ባለ ሁለት መቶ ብሩ በሦስት ቀን ነው እንቁጣጣሽን የሳተው። ለአዋቂዎች ይህ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

የዝርዝሩም ሰበብ ዛሬ አይሠራም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር መጣ። የጎረቤቴ ልጅ የካርዱ ጀርባ ላይ የእህቱን ቁጥር ጽፏል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉ አንድ ሰው «በቃ ላክሁልህ» ብለው በር ሊዘጉ ሲሉ ንቅንቅ አላለም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«እህቴ ደርሶኛል ካላለች አልሄድም ጋሼ።»

ከላይ በደረጃው ቀዳዳ «ደርሷል!» የሚል ድምፅ ወረደ። ያኔ ጎንበስ ብሎ አመስግኖ ሄደ።

እንግዲህ ካርድ ከተነሣ አንድ እንግሊዛዊ ላስተዋውቃችሁ። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ኋላ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የምንለውን ሙዚየም የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ የመራው ሰው ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዝ ውስጥ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ተጀምሮ ነበር፤ በዚያ ሥራ እሱም እጁ ነበረበት። ዋጋው ሲረክስ ሰው ሁሉ ለገና ይጽፍ ጀመር። ሥራ የበዛበት ኮል ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ ተከመረ። መልስ አለመስጠት ነውር ነው፤ መልስ መስጠት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ኮል ምን አደረገ? ጆን ሆርስሊ የሚባል ሠዓሊ ወዳጁን ጠራና አንድ ስዕል አሠራ። ሺህ ያህል ታተመ፣ በእጅ ቀለም ተቀባ። ለማን እንደሆነና ከማን እንደሆነ መሙያ ባዶ ቦታ ተተወለት። ኮል ከዚያ ወዲያ ስም ብቻ ይሞላል። የተረፈው ካርድ አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። ስዕሉ ላይ ሦስት ትውልድ ማዕድ ከቦ ጽዋ ያነሣል፤ መሀላቸው ያለች ሕፃን ወይን ስትቀምስ ትታያለች። የመጠጥ ተቃዋሚዎች አገር ይያዝልን አሉ። የእኛ ገብርኤል ጢም «ይደግለት» ተብሎ ማለፉን ሳስብ እማማን ለንደን መላክ ነበረብን እላለሁ።

እንደምታዩት የፈረንጅ የገና ካርድ የተፈጠረው ላለመሄድ ነው። ሰው ቤት ላለመሄድ፣ ረጅም ደብዳቤም ላለመጻፍ። እንቁጣጣሽ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ለመሄድ የተፈጠረ ካርድ ነው። ቴምብር ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ስዕል ላይ ግን ቴምብር ተለጥፎ አላየሁም። ሠሪውም ተሸካሚውም አድራሹም አንድ ሰው ነው፤ ያውም ጫማው ጭቃ የያዘ።

ልጅ በባዶ እጁ የሰው በር አያንኳኳም። «ምን ፈለግህ?» ይባላል። ካርድ ከያዘ ግን የማያውቀው ሰው ቤት በር ላይ ቆሞ ይመረቃል። «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል። ስሙንና የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። «የእገሌ ልጅ ነህ? አባትህን አውቀዋለሁ፣ ቁመቱ የሱ ነው» ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ አንገት የሚሰባበሩ ጎረቤቶች ስም ለስም የሚተዋወቁት በዚያች ጠዋት ነው። እነዚያ ቀለማቸው የፈሰሰ መላእክት ሥራቸው ይኸው ነበር፤ በር ማስከፈት።

ዛሬ ስልካችን ሁሉ ሄንሪ ኮል ሆኗል። ጳጉሜ 5 ማታ ይጀምራል። አደይ አበባ፣ ከአደይ አበባው ጎን ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ፣ ከሰውዬው ሥር «ለመላው ወዳጆቼ» የሚል ጽሑፍ። በመላው ውስጥ መኖሬን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዱ ወዳጄ ደግሞ የ2018 መግቢያ ላይ «እንኳን ለዘመነ ዮሐንስ አደረሰህ» የሚል ካርድ ላከልኝ። ዮሐንስ የ2016 ነበር፤ 2018 የማርቆስ ነው። ሰው የላከለትን ሳያየው ወደ እኔ አሻገረው። ወንጌላውያኑ በአራት ዓመት ስለሚዞሩ ሁለት ዓመት ቢታገሥ ኖሮ ልክ ይሆንለት ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለው ነጋዴ ይህን ቢሰማ «አልነገርኩህም?» ይለኝ ነበር።

ስልክን ለመውቀስ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። የእህቱ ልጅ ካርዷን ሠርታ ስታበቃ በቪዲዮ ደወለችለትና ስክሪኑ ላይ ደቅና ያዘችለት። አልላከችለትም፤ ያዘችለት። እሱም በእኩለ ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ አየ። ብልጭልጩ ስለሚያንጸባርቅ ወደ ግራ አዙሪው፣ ወደ ቀኝ አዙሪው ይላታል። ክንዷ እስኪዝል ያዘችለት። ዝም ብላ ቆመች፤ እሱም ነገሩ ገባውና ዶላር ላከ። በር በሌለበት ስክሪን ማንኳኳት ይቻላል፤ ብቻ አንኳኩቶ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ከእኔ በፊት የተረዱት ልጆቹ ናቸው። ከኮንዶሚኒየማችን አጠገብ አዲስ አፓርታማ ተሠርቷል፤ አጥሩ ረጅም ነው፣ በሩ ላይ ጥበቃ አለ። የእንቁጣጣሽ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ጓደኞቹን አስከትሎ ሄደ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት ያወቁ ይመስላል፤ አጥሩን ሳይነኩ ጥበቃውን በትሕትና ጠየቁ። ጥበቃው ደግ ሰው ነው። መግባት ክልክል እንደሆነ ነግሯቸው፣ «ስጡኝና እኔ ለየቤቱ አደርስላችኋለሁ» አላቸው።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ካርዶቻቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙና ተመለሱ። ለጥበቃው ግን አንድ ሰጡት፤ እሱ በር ላይ ስለነበረ።

እኔም ለእንቁጣጣሽ የምዘጋጀው ከሐምሌ ጀምሮ ነው። የታክሲ ረዳት መልስ ሲሰጠኝ ንጹሑን ኖት ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ ቀዳዳና ልጥፍጥፉን ለራሴ እገዛበታለሁ። ለአዲስ ዓመት ልጅ የተቀደደ ብር መስጠት ደስ አይልም። ብልጭልጩንም ታግሼዋለሁ፤ ምርመራው ሲመጣ የማቀርበው ካርድ ብፌው ላይ አለ።

እናንተም ዝርዝር አዘጋጁ፣ በራችሁን በጠዋት ክፈቱ፣ የመጣውን ሁሉ ተቀበሉ። ተገልብጦ የተሣለም ይሁን፣ በራጅ የታተመም ይሁን፣ ከመርካቶ በደርዘን የተገዛም ይሁን እሰይ በሉ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ «አንተ ነህ የሳልከው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ገና በዓመቱ የመጀመሪያ ጠዋት የሰው ልጅ ማስዋሸት ምን ይሉታል?